በ7 ቀን 10 ኪሎ

ሥልጣኔ መተከል ድረስ ዘልቆ የዳንጉር ወረዳ ከተማ ማንቡክ ገብቷል። ኔትወርክ ብቅ ባለ ቁጥር ስልኩ የሚያበስረን «በ7 ቀን 10 ኪሎ ይቀንሱ!» የሚል የሻይ ማስታወቂያ ነው። ሐኪሞች ግን ምቀኞች ናቸውና «በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ይበቃል፤ ታገሡ» ይላሉ። 1 ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው ብለውም ያስፈራሩናል። ማን ጠየቃቸው?

ሻዩ እንዲህ ያለ የሂሳብ ጣጣ አያውቅም። ትእዛዙን አክብሮ የጠጣ ባለ 70 ኪሎ ሰው በ49ኛው ቀን ዜሮ ይገባል፤ ቀበቶውና ጫማው ብቻ ይቀራሉ። ሻጩም ይገላገላል፤ «ገንዘቤን መልስ» የሚል ደንበኛ ከየት ይመጣል?

የዳንጉር ገበሬ ግን ኋላ ቀር ነው። በዚያ የቆላ ሐሩር ሰሊጥ ሲያርም ውሎ ገንፎውን በልቶ ይተኛል፤ ቦርጭ የለው፣ ሻይ አላዘዘ። ገበያ ሲወጣ «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» ብለን እናዝንለታለን። ሁለት መቶ ሜትር በባጃጅ የሚሄደውን ባለ ቦርጭ ደግሞ «አማረብህ!» እንለዋለን፤ እሱም ደስ ብሎት ሻዩን ያዝዛል።

በሳምንት ግማሽ ኪሎ በዓመት 26 ኪሎ ነው። መቸኮል ካማራችሁ ግን ሻዩን ግዙ፤ ኪሳችሁ በ1 ቀን ይከሳል።