ሚኒሞ የማያውቅ ትውልድ

እናንተ እኩዮቼ፣ ጉልበታችሁ የከዳችሁ፣ ጆሯችሁ ግን ያልከዳችሁ፣ ቀረብ በሉ፤ እስኪ አብረን እንማረር። ብቻዬን ስማረር የቤቱ ሰው "ጀመረው" ይለኛል።

በቀደም የእህቴ ልጅ ከጎንደር በቪትዝ መጣልኝ። ዳባትን፣ ደባርቅን አልፎ፣ ሊማሊሞን ተጠማዝዞ ወርዶ፣ ዛሪማ ደጃፌ ላይ ሲቆም መኪናዋ ወባ እንደያዘው ሰው ትንዘፈዘፋለች። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ ድምፅዋ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ልትጠፋ ስትል ደንገጥ ብላ ትነሣለች፣ ደግሞ ትወርዳለች። በመጨረሻ ጥፍት።

"ልጄ፣ ሚኒሞዋ ነው" አልኩት።

"ሚኒሞ ምንድን ነው ጋሼ?"

ሰማችሁ? ዩኒቨርሲቲ የበጠሰ ልጅ! ሚኒሞ ማለት መኪና ቆሞ፣ እግር ሳይነካው፣ በገዛ ራሱ የሚተነፍሳት ትንፋሽ ናት አልኩት። ጤነኛ ሲሆን በደቂቃ 700፣ 800 ዙር ያህል ነው። "እ... አይድል ማለትህ ነው" አለኝ። አይድል! የአባቶቻችንን ጥርት ያለ አማርኛ ጥለው ባዕድ ቋንቋ! ስሮትል ቦዲ ይላሉ፣ ሴንሰር ይላሉ፣ ስካን ይላሉ። ሚኒሞን፣ ካንዴላን፣ ካቻቢቴን፣ ፍሪሲዮንን፣ ኮፋኖን የመሰለ የአገር ቃል እያለ ምን ጎደላቸው? ይህን አማርኛ እኮ ሊማሊሞን የጠረገው ጣሊያን እንኳ አሳምሮ ይችለው ነበር። ወልቀፊት ላይ የመሸገው ጦሩ መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ እሱ ሄደ፣ መንገዱና ካቻቢቴው ቀሩልን። ደግ አደረገ።

በእኛ ጊዜ መኪና ሲታመም ይደመጥ ነበር። የነዳሁት ባለ ቤንዚን ላንድሮቨር ነው፣ በስድሳዎቹ። ካርቡራቶሩ ላይ ሁለት ብሎን አለ፤ አንደኛው ዙሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ፣ ሁለተኛው ቤንዚኑን ከአየሩ የሚያመጣጥን። ዛሪማ ቆላ ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው። እዚህ አስተካክላችሁ ሊማሊሞን ስትወጡ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነውና፣ ደባርቅ 2850 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ይሳሳል። ከባሕር ወለል አየር ሩብ ያህሉ የለም። ቤንዚኑ ግን ያው ነው፤ ወጡ በዛ፣ እንጀራው አነሰ። መኪናው ይጨሳል፣ ሚኒሞው ይንገዳገዳል። ያን ጊዜ ካቻቢቴ መዝዞ ብሎኗን ሩብ ዙር፣ ግማሽ ዙር። ስትወርዱ መልሳችሁ ታዞራላችሁ። ያንን ሁሉ በጆሮ! ዛሬ ግን መኪናዋ ራሷ አየሩን እየለካች ቤንዚኗን ትቀንሳለች ይላሉ። ሹፌሩ ታዲያ ምን ሊሠራ ተቀመጠ?

የትኛው ሲሊንደር እንደሰነፈ ለማወቅ የካንዴላውን ገመድ አንድ በአንድ መንቀል ነበር። ነቅላችሁት ሚኒሞው ከወረደ ያኛው ሲሠራ ነበር ማለት ነው፤ ነቅላችሁት ምንም ካልተለወጠ፣ ሌባው ተገኘ። አንዳንዴ ኤሌክትሪኩ አፈናጥሮ ቦይ ውስጥ ይጥለን ነበር፤ ለቁርጥማት ግን እንደሱ ያለ መድኃኒት አላየሁም። ከዚያ ካንዴላውን ፈትቶ መልኩን ማየት ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ከነጣ አንሶታል፣ በስሱ የተቆላ ቡና ከመሰለ ጤና ነው። በመጨረሻ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ኮፋኖው ላይ አስቀምጠን አንዲት ጠብታ ካልፈሰሰች "በል ንዳው!" እንላለን። የኔዋ ላንድሮቨር አንድም ቀን ቆማብኝ አታውቅም። ሊማሊሞ ላይ ያደርኳቸው ሦስት ሌሊቶች ዕይታው አምሮኝ ነው። ስፒንታ ያስገፋኋቸው ተሳፋሪዎችም ብርዱ ስለለቀቃቸው ያመሰግኑኝ ነበር፤ ጮክ ብለው ያመሰግኑ ስለነበር ቃሉን በደንብ አልሰማሁትም።

ወደ ቪትዟ ልመለስ። እኔ መጀመሪያ "ካንዴላ ነው" አልኩ። ቀጥዬ "ቤንዚኑ ውሃ አለበት" አልኩ። ከዚያ "ካርቡራቶሩን አሳየኝ" ስለው የላትም አለኝ። መኪና ያለ ካርቡራቶር! "እንግዲያው ኤሲ የምትሉት ነው፤ እሱ ሲከፈት ሞተሩን ይጫነዋል፣ ሚኒሞ ያወርዳል፤ አጥፋው" አልኩት። ውስጥ ቁጭ ብለን አስነሣት፣ አጠፋው። የዛሪማን ፀሐይ ታውቃላችሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ "ለመኪናዋ ብዬ ነው፣ መልሰህ ክፈተው" አልኩት።

አንድ ጎረምሳ መካኒክ ተጠራ። ኮፋኖ እንኳ ሳይከፍት ከመሪው ሥር እጁን ሰዶ አንዲት ዕቃ ሰካ፣ ስልኩን አየ፣ "ፒ 0505" አለ። የሎተሪ ዕጣ ነው እንዴ? ለካ የሚኒሞ መቆጣጠሪያው ተዛብቷል ማለት ነው። የአየር መግቢያውን ቱቦ ፈትቶ ሲያሳየን የአየሩ መክፈቻና መዝጊያ በር ጥቀርሻ ጠግቧል፤ እንደ ጠላ ቤት ምድጃ። ያቺ በር ስትዘጋ የምትተዋት ቀጭን የአየር መንገድ በጥቀርሻ ስትሞላ መኪናዋ እግር ሲነሣላት ትታፈናለች። ጠረገው፣ አስነሣት። አሁን ደግሞ ሽቅብ ጮኸች! "ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ስጧት፤ ኮምፒውተሯ እስኪማር ነው" አለኝ። እኔ ስድሳ ዓመት ስነዳ መኪና ከሹፌር ይማር ነበር እንጂ ሹፌር የመኪና ትምህርት እስኪያልቅ ደጅ ሲጠና አላየሁም።

ተማረች፤ መንዘፍዘፏ ግን ጨርሶ አልተዋትም። ያኔ ጓሮ ሄጄ ያረጀች የውሃ ጎማዬን ቆርጬ መጣሁ። አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን በቱቦዎቹ ዙሪያ ቀስ እያልኩ አዞርኳት። አንዲት ሚጢጢ የላስቲክ ቱቦ ዘንድ ስደርስ "ስስስስ"። "ይኸው! አየር ትስባለች!" መካኒኩ የጠረገበትን ማጽጃ እዚያች ላይ ረጨት ሲያደርግ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ቱቦዋ ተሰንጥቃ ኖሯል። መለኪያው ሳይቆጥረው የሚገባ አየር ነው አለ፤ ያልተጠራ ሰው ሰርግ ሲገባ ማለት ነው፣ ምግቡ አይበቃም። እንግዲህ ከመጀመሪያው "አየር ነው" ያልኩት እኔ ነኝ፤ መስካሪ አለኝ፣ የእህቴ ልጅ ብቻ ዘነጋው።

ይባስ ብሎ ሚኒሞ የሚባለው ጨርሶ የሌለው መኪና መጥቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ አይደል? ጎንደር ፒያሳ በኤሌክትሪክ መኪና ተሳፈርኩ። ቆሟል፣ ድምፅ የለም። "ጠፋብህ፣ አስነሣው" አልኩት ሹፌሩን። "ተነሥቷል አባቴ" አለኝ። ካቻቢቴዬን በኪሴ እየዳበስኩ እስክንደርስ ዝም አልኩ። ይህን ለእህቴ ልጅ ሳጫውተው፣ ያ መኪና ሊማሊሞን ሲወርድ ባትሪው በራሱ ይሞላል አይለኝም? ቁልቁለት ነዳጅ ሲሰጥ! ቅጥፈት ነው አልኩት።

ዋጋውን ግን ጠይቅልኝ ብዬዋለሁ። ለማወቅ ያህል ነው።