ቮልሷ ምን ተደረገላት?

በደምበጫ መኪና የሚታደሰው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ለሚነዳትና ለሚያያት። የሚያያት ይበዛልና ድምፁም ያይላል። የእኔን ቮልስ የሚያይ ሁሉ ምክር አያጣም። ወንበሯን ቆዳ አልብሳት የሚል አለ። ቸርኬዋን በሚያብለጨልጭ ቀይርላት የሚል አለ። አንድ የጅጋ ወዳጄማ ቢጫ ቀብተህ ለሠርግ አከራያት ብሎኝ፣ ሙሽሮቹን ጭምር ሊያመጣልኝ ምንም አልቀረውም። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ከኋላዋ የሚወጣውን «እህ… እህ… እህ…» የምንሰማው ግን እኔና ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤቴ እማማ ብቻ ነን።

ቮልሴ ጌጥ አይደለችም፤ ሠራተኛ ናት። በየቀኑ ከደምበጫ ተነሥታ፣ በጅጋ አልፋ ፍኖተ ሰላም ታደርሰኛለች፤ ማታ ትመልሰኛለች። በርበሬ ሲደርስ ደግሞ ቡሬ ድረስ ዘልቃ የዘመድ አዝማዱን ጆንያ በኋላ ወንበሯ ትሸከማለች፤ ያን ሰሞን ከተማ የምንገባው ሁላችንም እያስነጠስን ነው። የእሷ ዓይነት መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ ወጣች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ሲከለክል፣ ትናንት «ይቺን ሸጠህ ደህና መኪና ግዛ» ይሉኝ የነበሩት ሁሉ «እንዳትሸጣት!» ማለት ጀመሩ። በዚህ አገር ምክር ከነዳጅ ዋጋ ቀድሞ ይለዋወጣል።

ችግሯ አንድ ነበር፤ ፑንቲና። ለማያውቀው ላስረዳ። የባትሪው ኃይል 12 ቮልት ነው፤ በዚህ አቅም ካንዴላ ላይ እሳት አይዘልም። ያንን ወደ 20 ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ የሚያሳድገው ኮይሉ ነው። ኮይሉ ደግሞ ይህን የሚያደርገው የሚመጣለት ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቋረጥበት ነው። የማቋረጡ ሥራ የተሰጠው ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ፊት ለፊት ለተቀመጡ ሁለት ትናንሽ የብረት ጫፎች ነው፤ ፑንቲና ማለት እነሱ ናቸው። ሲገጥሙ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ሲላቀቁ ካንዴላው ላይ እሳት ይዘላል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እነሱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይላቀቃሉ። ከደምበጫ ፍኖተ ሰላም ስንት ጊዜ እንደሚሆን የሒሳብ አስተማሪ ያስላው፤ እኔ የማውቀው ይህን ያህል የሚጋጩ ጥንዶች በሰላም እንደማይኖሩ ነው።

በሚላቀቁበት ጊዜ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን ጫፎቹ በብልጭታው ይቃጠላሉ፤ የሚገፋቸውም ክፍል ከመፋተግ ብዛት ይበላል፤ ክፍተቱ ይጠባል። ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል፤ እሳቱ ሲዘገይ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ዳገት ሲያይም ይለግማል። ደምበጫ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሯ ከወደብ ከተማ አየር ጋር ሲተያይ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ደካማው እሳት ጥላሸቱን ማለፍ ያቅተዋል። ክረምቱ ሲጨመርበት ቮልስ ማስነሣት የቤተሰብ ሥራ ይሆናል። ልጆቼ የደብተር ቦርሳቸውን እንዳነገቱ ይገፋሉ፣ ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ትገፋለች፣ እማማ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው በጸሎት ይገፋሉ።

መካኒካችን በዚህ ነገር ሊቅ ነበር። ሞተሩን የሚያዳምጠው የኔታ ዜማ የሚስት ተማሪያቸውን እንደሚያዳምጡት ነው፤ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ «ቁም!» ይላል። ከክብሪት ቀፎ ላይ ካርቶን ይቀድዳል፣ በጫፎቹ መካከል ያስገባል፣ በካቻቢቴ ትንሽ ነካ ያደርጋል፣ አለቀ። በ0.4 ሚሊ ሜትር ላይ የነበረው ሥልጣን ሙሉ ነበር። ስለዚህ ፑንቲናው ወጥቶ በኤሌክትሮኒክ ይተካ ስለው ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ የሚላላ ነገር ከሌለው ምኑን አጠብቃለሁ?»

«ምንም አታጠብቅም። ጥቅሙ እሱ ነው።»

«ለማን?»

ዕቃው የመጣው ከውጭ አገር ለበዓል በመጣች የአክስቴ ልጅ ሻንጣ ነው። «ሰው ሽቶ ሲያዘኝ አንተ ብረት?» እያለች አስረከበችኝ። ብረት እንኳ አልነበረም። ካርቶኑ ሲከፈት አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገርና ማግኔት የተቀበረበት ቀለበት ወጣ። ባለቤቴ በመጀመሪያ ካርቶኑ ውስጥ ሌላ ነገር ቀርቶ እንደሆነ አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ቀለበቱ በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ይጠልቃል። ማግኔቱ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ጥቁሯ ነገር ሳትነካው ታውቀዋለች፤ የኮይሉንም ኤሌክትሪክ ትቆርጣለች። የሚጋጭ የለም፤ የሚቃጠል ጫፍ የለም፤ የሚጠብ ክፍተት የለም።

ለዓለም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ባትሪን፣ ኮይልንና ፑንቲናን አዋህዶ ለመኪና ያበቃው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ሲሆን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ካዲላኮች ላይ ታይቷል። ክራይስለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የሚሠራቸውን መኪኖች በኤሌክትሮኒክ አደረገ። እኔ የዘገየሁት ግማሽ ምዕተ ዓመት ብቻ ነው፤ ደብዳቤ ተመርቶ መልስ እስኪመጣ ጠብቆ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቅልጥፍና ነው።

መካኒኩ ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩን አወጣ፣ አዲሱን ገጠመ፣ ቀዩን ሽቦ ከኮይሉ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጌቲቭ አሰረ። ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ ሥራው አለቀ። «ይኸው ነው?» አለ። እጁን ሊታጠብ ሄደና ንጹሕ ሆኖ ቢያገኘው ተመለሰ። ደግነቱ እሳቱ የሚዘልበት ጊዜ እንደገና መስተካከል ነበረበት፤ እዚያ ላይ ዲስትሪቢዩተሩን ወዲህና ወዲያ እያዞረ ክብሩን አስመለሰ።

ቁልፉን አዞርኩ፤ ተነሣች። በማግሥቱም ተነሣች። ዝናብ አድሮም ተነሣች። ከሁሉ ያዘኑት ልጆቼ ናቸው፤ ትምህርት ቤት ለሚያረፍዱበት ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ደምበጫ ግን ይህን በዝምታ አላሳለፈችውም። ቸርኬ ብቀይር ኖሮ ሁሉም አይቶ ዋጋውን ገምቶ ዝም ይል ነበር። ዐይን ያላየውን ሥራ ግን ሰው ሁሉ እንደ ፈቃዱ ይተረጉመዋል። ነጋዴዎቹ «ከውጭ አዲስ ሞተር አስገብቶ ነው» ብለው የቀረጡን ሒሳብ ሳይቀር ሠሩልኝ። እማማ ደግሞ የሚካኤል ዕለት ሞተሯ ላይ ጠበል ረጭተው ስለነበር ጉዳዩ ለእሳቸው ያለቀለት ነው። ቀደም ሲልም ረጭተው፣ ውኃው ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ ገብቶ፣ ሰፈሩ በሙሉ ለመግፋት እንደተጠራ በትሕትና ባስታውሳቸው፣ «ያን ጊዜ የጎደለው ያንተ እምነት ነው ልጄ» አሉኝ። ክዳኑና የካንዴላዎቹ ገመድ ያው የጥንቶቹ ናቸውና ዛሬም ውኃ አይወዱም። ስለዚህ እማማ ሲረጩ እኔ ደረቅ ጨርቅ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ፤ ተአምሩ የሁለታችን ነው።

የወጣቶቹ ወሬ ግን ለአደጋ ዳረገኝ። በእነሱ ቤት ቮልሷ ከእንግዲህ ቤንዚን አትቀምስም፤ በባትሪ ብቻ ነው የምትሄደው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ የነዳጅ ሰልፉ ላይ ደርሶ ኖሮ፣ ተራዬ ሲቃረብ ከኋላዬ ያለ ባለ ባጃጅ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ያንገላታዎታል? ቤትዎ ሄደው ሶኬት ላይ አይሰኳትም?»

ሰልፈኛው ተባብሮ አጉረመረመ። ወርጄ የኋላ ኮፈኗን ከፈትኩ፤ ሕዝቡ ከበበኝ። «የቱ ነው?» አሉ። ከክዳኑ ሥር ነው አልኩ። «ክፈተው!» ከፈትኩት። ባለ ባጃጁ አጎንብሶ ጥቁሯን ነገር ብዙ አያት። በመጨረሻ ቀና ብሎ ለሰልፉ ፍርዱን አሰማ፤ «ይቅዱላቸው፤ ምንም ነገር የለም!»

ስለ ጥቁሯ ነገር ሙገሳ ብቻ ባወራ ግን እዋሻለሁ። ጠባይ አላት። ሞተሩ ሳይሠራ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ልትቃጠል ትችላለች። ሽቦዋ ከተገለበጠ ምሕረት የላትም። ባትሪው እጅግ ሲዳከም ፑንቲና በተገፋ መኪና ላይ እንደምንም ብሎ እሳት ይሰጣል፤ እሷ ግን በቂ ቮልት ካላገኘች ብትገፋም አትሰማም። ከሁሉ የከፋው አሟሟቷ ነው። ፑንቲና ታሞ፣ አቃስቶ፣ ቤተ ዘመድ አስጠርቶ ነው የሚሞተው፤ እሷ መንገድ ላይ ዝም ትላለች፤ በክብሪት ቀፎም አትድንም። ለዚህ ነው አሮጌው ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ፣ ከካቻቢቴና ከክብሪት ጋር ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው። መካኒኩ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው። «ፑንቲናው ደህና ነው?» ይለኛል፤ ደህና ነው እለዋለሁ፤ እፎይ ብሎ ይሄዳል።

ባለቤቴ የቤቱን ወጪ ስትደምር አንድ ቀን እዚህ መስመር ላይ ደርሳ ቆመች።

«እስቲ ንገረኝ፤ ይህ ሁሉ ወጥቶባት መኪናዋ ምን ጨመረች?»

«ጠዋት ጠዋት ትነሣለች።»

«መኪና እኮ ናት! መጀመሪያስ ልትነሣ አይደለም እንዴ የገዛሃት?»

ደመወዝ እንደወጣ ለሳሎኑ አዲስ መጋረጃ ተገዛ። ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል፤ ምን እንደሚሠራም የጠየቀ የለም።