የሊጥ ዕረፍት አዋጅ ቁጥር 729

በቤት ውስጥ ስለሚጋገር የጨው ፓፍ ፔስትሪ የወጣ የማጀት አዋጅ

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ፍሪጅ ያለህ በሩን ዝጋ፤ ኦቨን ያለህ አሙቅ፤ ሁለቱም የሌለህ ደግሞ ዕድለኛ ነህና ዝም ብለህ አድምጥ።

መግቢያ

«በ15 ደቂቃ የሚደርስ የመክሰስ ፔስትሪ» የሚል ርዕስ ያለው አሠራር በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ በወረቀት ተገልብጦ፣ የፍሪጅ በር ላይ ተለጥፎ በመገኘቱ፤

በዚሁ ወረቀት ላይ «ሊጡን ለ30 ደቂቃ ያሳርፉ» የሚል ትእዛዝ ስለ ሰፈረ፣ ከእያንዳንዱ እጥፋት በኋላም «አሁንም ያሳርፉ» እየተባለ ስለ ተደጋገመ፤

15 ደቂቃ በሆዱ ውስጥ ያን ሁሉ 30 ደቂቃ እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ የአቅራቢዋ ፈገግታ ሊያስረዳ ባለመቻሉ፤

የዚህ አዋጅ አርቃቂ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ለባለቤቷ የዕቁብ ጓደኞች «እስቲ ለመክሰስ የምትሆን ነገር ጣል ጣል አድርጊላቸው» ስለ ተባለች፣ በወረቀቱም ተማምና ስለ ጀመረች፣ እንግዶቹ ቡና ጠጥተው፣ ዕጣ አውጥተው፣ ተመራርቀው ሲወጡ ሊጡ ገና አራተኛ ዕረፍቱ ላይ ስለ ነበረ፤

በማጀት ላይ የማወጅ ሥልጣን የማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ የጠየቀ ስለሌለ፣ አርቃቂዋ በራሷ ሥልጣን የሚከተለውን አውጃለች።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሊጥ ዕረፍት አዋጅ ቁጥር 729» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ ከመዝገብ ቤት የመጣ አይደለም፤ የሒሳብ ውጤት ነው። በሊጥ የተጠቀለለ ቅቤ ተዳምጦ ሦስት ላይ ሲታጠፍ አንዱ የቅቤ ንጣፍ ሦስት ይሆናል። በሁለተኛው እጥፋት 9፣ በሦስተኛው 27፣ ከዚያ 81፣ 243፣ በስድስተኛው 729።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ «ሊጥ» ማለት ከ250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ከ125 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከዱቄቱ ጋር እኩል ከሚመዝን ቅቤ የሚሠራ ነው።

«ቅቤ» ማለት የገበታ ቅቤ ነው። የነጠረ ቅቤ፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ የቱንም ያህል ቢያውድ፣ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ሲነጠር ውኃው ተንኖ አልቋል፤ ይህን ፔስትሪ የሚያነሣው ደግሞ እርሾ ሳይሆን ውኃ ነው። የገበታ ቅቤ ከመቶ 16 እጁ ገደማ ውኃ ነው። ይህና የሊጡ ውኃ ኦቨን ውስጥ እንፋሎት ሲሆኑ ይዘታቸው ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ቅቤው ንጣፎቹን እንዳይጣበቁ ስለሚለያያቸው እንፋሎቱ አንዱን ከሌላው ላይ ብድግ ያደርገዋል።

«እንግዳ» ማለት ሳይደውል የሚመጣ ወይም በር ላይ ቆሞ የሚደውል ሰው ነው። «15 ደቂቃ» የሚለው በአንቀጽ 6 ይተረጎማል።

አንቀጽ 3. የጾታ አገላለጽ

በሀገሪቱ አዋጆች በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል ይባላል። በዚህኛው በሴት ጾታ የተገለጸው ወንድንም ይጨምራል። አፈጻጸሙ በጉጉት ይጠበቃል።

አንቀጽ 4. ስለ ሊጥ ዕረፍት

1) ሊጥ የማረፍ መብት አለው። መብቱ በችሮታ የተሰጠው አይደለም። ዱቄት በውኃ ሲታሽ ግሉተን የተባለው የስንዴ ጅማት ይወጠራል፤ የተወጠረ ሊጥ በመዳመጫ ቢገፉት ተመልሶ ይሰበሰባል። ሲያርፍ ይላላል። በእጅ ሙቀት የለሰለሰው ቅቤም መልሶ ይጠነክራል፤ ካልጠነከረ ሊጡ ውስጥ ሠርጎ ይገባና 729ኙ ንጣፍ አንድ ደረቅ ብስኩት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በወረቀቱ መሠረት ሊጡ መጀመሪያ ከተለወሰ በኋላ አንድ፣ ከስድስቱ እጥፋት ከእያንዳንዱ በኋላ አንድ፣ በድምሩ ሰባት ዕረፍት፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ተኩል ተጠብቆለታል።

2) ሊጡ የሚያርፈው ፍሪጅ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከተከተፈ ሽንኩርት ርቆ ነው፤ ቅቤ የጎረቤቱን ሽታ ይወስዳልና። ባረፈበት ላይ የቢራ ጠርሙስ ማጋደም ክልክል ነው።

3) መብራት የጠፋ እንደ ሆነ የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ እንደሚከተለው ይፈጸማል፦

(ሀ) ሊጡ ፍሪጅ ከገባ በኋላ መብራት ቢጠፋ በሩ አይከፈትም። ያልተከፈተ ፍሪጅ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። «መጣ እንዴ?» እያሉ የውስጡን አምፖል ለማየት ገርበብ ማድረግም እንደ መክፈት ይቆጠራል።

(ለ) በፊደል (ሀ) የተደነገገው ቢኖርም፣ ውኃ የጠማው የቤቱ ልጅ በሩን ቢከፍት ከአራቱ ሰዓት ላይ ይቀነሳል። የሚቀነሰውን መጠን እናቱ ትወስናለች፤ ውሳኔዋ ይግባኝ የለውም።

(ሐ) መብራት መጥቶ፣ ቴሌቪዥኑ እስኪከፈት ቆይቶ ቢጠፋ «መጣ» አይባልም። ኃይሉ አንሶ አምፖሉ ቢጫ ሲሆን፣ ፍሪጁም ሲያቃስት፣ መጣም ጠፋም አይባልም፤ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል። የሚመለከተው ክፍል ስልክ አያነሣም።

(መ) የደብረ ብርሃን ነዋሪ፣ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖር በመሆኑ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሊጡን መስኮት ላይ አሳርፎ መተኛት ይችላል። የድሬዳዋና የሰመራ ነዋሪ በዚህ ፊደል አይጠቀምም። ቅቤ ከ32 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፤ እዚያ ይህ የጥላ ሥር ሙቀት ነው።

(ሠ) ጄኔሬተር ያላት ጎረቤት ያለቻት ሴት ሊጧን ይዛ ማንኳኳት ትችላለች። ሆኖም ጎረቤቷ «ምንድን ነው እሱ?» ብላ ከጠየቀች፣ ከተጋገረው ሲሶው የጎረቤት ድርሻ ይሆናል። ሳትጠይቅ ካስገባችው ግማሹ።

4) ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾምበት ሀገር ቅቤ በማይበላበት ቀን ለፔስትሪ የሚሠራው ጠንካራ ማርጋሪን ይተካዋል፤ ወተት የሌለበት መሆኑ ማሸጊያው ላይ ይነበብ። ዳቦ ላይ የሚቀባው ለስላሳው አይሆንም። እንቁላል መቀባት ይቀራል፤ በዘይት ይቀባል። ይህ ሁሉ ግን የሊጡን መብት አይነካም። ሊጡ በፍስክ ያርፋል፣ በጾም ያርፋል፣ ረቡዕና ዓርብ ያርፋል።

ሳምቡሳ በዚህ አዋጅ አይገዛም። በረመዳን ከማግሪብ በፊት እንዲደርስ የሚሠሩት ሴቶች ስስ ቂጣዎችን ዘይት እየቀቡ ይደራርባሉ፣ አንድ ላይ ይዳምጣሉ፣ ምጣድ ላይ ለብ ለብ አድርገው እየተቃጠሉ አንድ በአንድ ይልጣሉ። ያንን ሥራ «15 ደቂቃ» ብሎ የጠራ ሰው እስካሁን አልተሰማም፤ ብሎ ከሆነም ዛሬ በሕይወት መኖሩ ያጠራጥራል።

5) ሊጡ በሚያርፍበት በእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ጋጋሪዋ የሚከተሉትን ተግባራት ታከናውናለች፦ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ምስሩን ውኃው እስኪመጥ ታማስላለች፣ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ዱቄት ትጠርጋለች፣ የልጇን የቤት ሥራ ታያለች፣ ቡና ትወቅጣለች፣ «ደረሰ?» ለሚለው ጥያቄ በትሕትና መልስ ትሰጣለች፣ ለዚያው ጥያቄ ድጋሚ መልስ ትሰጣለች። መቀመጥ በዚህ ንዑስ አንቀጽ አልተደነገገም።

ቆይ፣ አልተደነገገም ማለት ምን ማለት ነው? በዚህ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ የሚያርፍ ፍጡር አለ፤ እሱም ዱቄት ነው! ያውም ተጠቅልሎ፣ ቀዝቀዝ ብሎለት፣ በሩ ተዘግቶለት፣ «እንዳትነኩት» ተብሎለት! ስምንት ሰዓት ቢሮ ውላ፣ አንድ ሰዓት ታክሲ ተሰልፋ ለገባች ሴት ማን በር ዘጋላት? ማን «አትንኳት፣ ትላላ» አለ? ስትወጠር ተመልሳ እንደምትሰበሰብ ማንም አያውቅም? ለስንዴ ጅማት ታዝኖ፣ ለሰው ጅማት ሲሆን «ምን አላት፣ ዱቄትና ቅቤ ናት» ይባላል!

አርቃቂዋ ውኃ ጠጥታ ወደ ሕግ ቋንቋ ተመልሳለች።

6) የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42(2) ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በየሳምንቱም ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ማጀቱ ውስጥ ሌላም ሰው አለች፤ የቤት ሠራተኛዋ፣ ዱቄቱን የነፋችው፣ መዳመጫውን የምታጥበው፣ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ከሁሉ ኋላ የምትተኛው። የዚያው አዋጅ አንቀጽ 3 ለትርፍ ያልታሰበ የግል አገልግሎትን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ አድርጎ፣ ስለ እሱ ደንብ ማውጣትን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ይተወዋል። ስለዚህ የእሷ ነገር ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይመለሳል። ያም ሕግ ከአሠሪው ጋር የምትኖር ሠራተኛ የሥራና የዕረፍት ጊዜዋ ጤናዋን እንዳይጎዳ አሠሪው ተገቢውን ያድርግ ይላል። ተገቢው ስንት ደቂቃ ነው? ቁጥር የለውም። ለሊጡ ግን ቁጥር አለው፤ 30።

ይህ ንዑስ አንቀጽ በሚጻፍበት ቅጽበት ከሳሎን «አንቺ፣ ውኃ!» የሚል ድምፅ መሰማቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

የዚህ ሊጥ ታላቅ ሊቅ ፈረንሳዊው ማሪ አንቷን ካሬም ነበር። ቮሎቫን የተባለውን፣ ሾርባና ሥጋ የሚሞላበትን ባዶ የፔስትሪ ማማ የፈለሰፈ እሱ ነው ይባላል፤ ለታሌይራንና ለነገሥታት አብስሏል። የከሰል ጭስ በታፈነበት ማጀት ሲሠራ ኖሮ በ1833 እ.ኤ.አ. 50 ዓመት ሳይሞላው ሞተ። የእሱም ሊጥ በሥርዓት ሲያርፍ ነበር።

7) ስለሆነም ሊጥ በሚያርፍበት ጊዜ በቤቱ ያለች ሴት ሁሉ ታርፋለች። ይህ ንዑስ አንቀጽ ልዩ ሁኔታ የለውም፤ መብራት ቢጠፋም፣ ጾም ቢሆንም፣ እንግዳ ቢመጣም።

አንቀጽ 5. ስለ ውስጡ

ምስር፣ የተጨመቀ ጎመን፣ ውኃው የጠፋ አይብ፣ የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ይሁን። ትኩስ ከሆነ ቅቤውን ያቀልጣል፣ እርጥብ ከሆነ ታቹን ያረጥባል። ሊጡ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ታጥፎ፣ ጠርዙ በሹካ ይጫናል። አስኳል ሲቀባ በተቆረጠው ጎን ላይ አይፍሰስ፤ ንጣፎቹን ያጣብቅና እንዳይነሡ ያደርጋል። ሰሊጥ ወይም ጥቁር አዝሙድ መነስነስ ይፈቀዳል።

አንቀጽ 6. ስለ መጋገርና ስለ 15 ደቂቃ

ኦቨኑ አስቀድሞ እስከ 200 ወይም 220 ዲግሪ ይሞቃል። ፔስትሪው ገብቶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ሳይነሣ በሩ አይከፈት። 15 ደቂቃ የተባለው ይኸው ነው! ርዕሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ኦቨኑ የሚሠራበት ጊዜ ብቻ ነው። የማሽኑ ሥራ ተቆጥሯል። የሰውዋ አልተቆጠረም።

አንቀጽ 7. ቅጣት

ፔስትሪውን እየበላ «ይሄ ከኬክ ቤት የተገዛ ነው አይደል?» ያለ ማንኛውም ሰው ስድስቱን እጥፋት በገዛ እጁ ይዳምጣል። በአድናቆት ነው ያልሁት ማለት መከላከያ አይሆንም።

አንቀጽ 8. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ትዕግሥቷ ያለቀባት ሴት ቅቤውን በቀዝቃዛነቱ ቆራርጣ ከዱቄቱ ጋር ሳታደቅ ለውሳ፣ ሦስት አራት ጊዜ አጣጥፋ መጋገር ትችላለች። እንደ ዋናው ባይነሣም ይቆራረሳል፤ እንግዳ ልዩነቱን አያውቅም።

ከሱፐርማርኬት ፍሪዘር የተዘጋጀ ሊጥ መግዛትም፣ ለተገኘላትና ለቻለች፣ የተፈቀደ ነው። እሱም ቢሆን በዝግታ እንዲፈታ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ማደር አለበት። ተኝቶ ያድራል ማለት ነው፤ እሱም!

አንቀጽ 9. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የፍሪጅ በር ላይ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። አርቃቂዋ ማስቲሽ ስትፈልግ ስልክ ተደውሏል፤ የዕቁቡ ሰዎች ታች በር ላይ ናቸው፣ ስድስት ናቸው፣ ሁለቱ ይጾማሉ።