የየትኛው እድር ጥሩምባ ነፊ ነው?

ኒው ኦርሊንስ ስትሄድ ሆድህን ባዶ፣ ጆሮህን ክፍት አድርገህ ሂድ ይላሉ የሚያውቋት። አብረውኝ የሄዱት አክስቴ ምክሩን በራሳቸው መንገድ ነው የፈጸሙት። ሆዳቸው ባዶ ነበር፤ ሁዳዴ ነውና። ጆሯቸው ግን የአውሮፕላኑ ብርድ እንዳይገባበት በነጠላ ተጠቅልሎ ነው የደረሰው።

እኔ በመሠረቱ ጾመኛ አይደለሁም። አክስቴ ባሉበት ስቴት ሁሉ ግን ጾመኛ ነኝ። የጉዟችን ሰበብ ሴት ልጃቸው ናት፤ እዚያ በነርስነት ከተቀጠረች ጀምሮ «እማዬ፣ መጥተሽ እይው እንጂ» ስትል ኖራ፣ በመጨረሻ አጃቢም አስተርጓሚም ሆኜ ከዋሽንግተን ይዣቸው ሄድኩ። ችግሩ አክስቴ የቱሪስት ዓይን የላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን እድርተኛ ናቸው። አንድ ሰፈር ሲገቡ ቀድሞ የሚታያቸው ሕንጻው ሳይሆን ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ማን መዋጮ አጓደለ የሚለው ነው።

ገና ከአውሮፕላን እንደወረድን ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አስነበቡኝ። ሉዊስ አርምስትሮንግ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ይላል።

«ማን ናቸው እሳቸው?»

«ጥሩምባ ነፊ ናቸው እትዬ።»

«የየትኛው እድር?»

እንግዲህ ይህን ጥያቄ እንዴት አድርገው ይመልሱታል? እድርን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ በየሰፈራችን ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሳይቀድ እየዞረ የሚያረዳው ጥሩምባ ነፊው መሆኑን ይወቅልኝ። ለአክስቴ ጥሩምባ ማለት መርዶ ነው። መርዶ ነጋሪ ደግሞ ኤርፖርት በስሙ ሲሰየም አይተው አያውቁም። ሻንጣችን እስኪመጣ የሰውየውን ታሪክ አጫወትኳቸው። ድሃ ሰፈር የተወለደ ልጅ ነው። በ1912 የመጨረሻዋ ምሽት (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ አክስቴ እንዳደረጉት እናንተም ቀንሱ) የእንጀራ አባቱን ሽጉጥ ይዞ ወጥቶ ወደ ሰማይ ሲተኩስ ተያዘ፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ጥቁር ልጆች ወደሚታረሙበት ቤት ሰደዱት። እዚያ የቤቱ ባንድ መሪ ኮርኔት አስያዘው፤ የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። ልደቱን ሲጠየቅ ሁልጊዜ ጁላይ 4 ቀን 1900 ይል ነበር። ካረፈ ከዓመታት በኋላ የክርስትናው መዝገብ ሲገኝ ግን ኦገስት 4 ቀን 1901 ሆኖ ተገኘ።

ፓስፖርታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለዱት አክስቴ በዚህ አልተገረሙም። «ለጥይቱ አሰሩት፣ ለጥሩምባው ኤርፖርት ሰጡት። ደህና አገር ነው» ብለው ሻንጣቸውን አስወረዱኝ።

ከተማዋን በቅደም ተከተል ላስጎበኛቸው ሞክሬ ነበር። ፈረንሳዮች በ1718 ቆረቆሯት፤ ቆይተው ለስፔን ሰጧት፤ ስፔን መልሳ ለፈረንሳይ አስረከበች፤ ናፖሊዮን ደግሞ በ1803 ከነሉዊዚያና ግዛት በ15 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ሸጣት። ቱሪስት የሚጎርፍበት አሮጌው ክፍል «የፈረንሳይ ሰፈር» ይባላል፤ ነገር ግን በ1788 እና በ1794 በተነሡ ሁለት ትላልቅ ቃጠሎዎች አብዛኛው የፈረንሳይ ቤት ስለወደመ፣ አሁን የምናየው ግቢና ሰገነት በአብዛኛው በስፔን ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ የተተከለ ነው። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ምስጢር ስናገር አክስቴ ምንም አልመሰላቸውም። ዶሮ ማነቂያ ሲመላለሱ ያደጉ ሰው፣ ሰፈር በስሙ ልክ ይገኛል ብለው አይጠብቁም።

ቦርበን ጎዳናን በፍጥነት አለፍነው። መጠጥ በፕላስቲክ ብርጭቆ እስከሆነ ድረስ መንገድ ላይ ይዞ መሄድ የተፈቀደ ነው፤ ሕዝቡም የተፈቀደለትን በትጋት ይሠራል። ስለዚያ ጎዳና ከዚህ በላይ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው። በዛፍና በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ከማርዲ ግራ የተረፈ የጨሌ ዶቃ ተንጠልጥሎ ነበር። ማርዲ ግራ ለእነሱ ቅበላቸው ነው፤ በማግስቱ ጾም ይገባል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ዙሪያቸውን አዩና «ታዲያ እነዚህ ጾሙ መግባቱን የነገራቸው የለም?» አሉ።

ወደ ምግቡ እንምጣ፤ መከራዬ ያለው እዚያ ነው። ኒው ኦርሊንስ ለጾመኛ የተሠራች ከተማ አይደለችም። ከ1862 ጀምሮ ወንዙ አጠገብ ያለው ካፌ ዱ ሞንድ ወሰድኳቸው። የሚሸጠው ቤኜ ነው፦ አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠበሰ ሊጥ፣ በላዩ ላይ ክምር የዱቄት ስኳር። ሊጡ ወተት አለበትና አልቀመስንም። ነገር ግን የጎረቤታችን ጠረጴዛ ሰውዬ ሲስቅ ስኳሩ በንኖ ጥቁር ጃኬቴ ላይ ሰፈረ። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ አክስቴ አፌን አፌን ያዩኝ ጀመር። ቡናው ደግሞ ቺኮሪ የሚባል ሥር ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ይገባበታል። በእርስ በርሱ ጦርነት ወደቡ ተዘግቶ ቡና ሲጠፋ እንዳበረከቱበት፣ ጦርነቱ ሲያበቃም ጣዕሙን ለምደው እንደቀሩ ይነገራል። አክስቴ አንዴ ፉት አሉና ስኒውን ገፉት። «ቡና በተወደደ ጊዜ እኛም ገብስ ቆልተን ቀላቅለናል። ግን ሲረክስ ተውን!»

ሰኞ ቀይ ቦሎቄ በሩዝ የሚበላበት ቀን ነው። ድሮ ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ስለነበር ሴቶቹ ቦሎቄውን እሳት ላይ ጥደው ያጥባሉ፤ ልብሱ ሲደርስ ቦሎቄውም ይደርሳል። እፎይ፣ የጾም ምግብ አገኘን ስንል ከእሑድ የተረፈ የአሳማ አጥንት ከሥር ተገኘ። ከዚያ ክሮፊሽ መጣ። ጭቃ ውስጥ የሚኖር፣ ሲቀቀል የሚቀላ፣ ሁለት መቆንጠጫ ያለው ፍጡር ነው። ከድንችና ከበቆሎ ጋር በሚያስነጥስ በርበሬ ይቀቅሉትና ጋዜጣ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፉታል። ተመጋቢው ጭራውን ይሰብራል፣ ጭንቅላቱን ይመጥጣል። አክስቴ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት ባይበሉም ሲበላ ማየት አልከለከላቸውም። ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና ከቦርሳቸው ሚጥሚጣ አውጥተው ለአንዱ ተመጋቢ ሰጡት። ሰውየው ነስንሶ ቀመሰና ዓይኑ እንባ አቅርሮ እጅ ነሣቸው። ታባስኮ የሚሠራበት አገር ሰው በቁንዶ በርበሬ አይታለልም፤ ሚጥሚጣ ግን አዲስ ምዕራፍ ነበር።

ያዳነን የልጃቸው ጋምቦ ነው። ጋምቦ የሚጀምረው ዱቄትን በዘይት ቀስ አድርጎ በማማሰል ነው፤ ቸኮሌት እስኪመስል። ለአፍታ ዞር ካሉ ያርራል፣ እንደገና መጀመር ነው። ከዚያ ሽንኩርት፣ ሴለሪና ቃሪያ ይገባሉ፤ የከተማው ሰው ሦስቱን አንድ ላይ «ቅድስት ሥላሴ» ይላቸዋል። ልጅቱ ይህን ስትናገር አክስቴ ማማሰያውን ይዘው ደነገጡ፤ አማተቡ፤ ማማሰላቸውን ግን አላቋረጡም፤ እንዳያርር። የእኛ ጋምቦ ባሚያ ብቻ ያለበት የጾም ነበር። በነገራችን ላይ እዚያም የሕማማት ሐሙስ የሚበላ የጎመን ጋምቦ አለ። መነሻው ጾም ነው፤ ዛሬ ግን በየታዋቂው ምግብ ቤት የሚቀርበው ቋሊማውም፣ ዶሮውም፣ የበሬ ሥጋውም የገባበት ነው። «ጾሙን ራሱን ፈሰኩበት» አሉ አክስቴ፤ የጭልፋቸው አያያዝ ግን የመድገም ነበር።

ከምግቡ ቀጥሎ ትሬሜ ሄድን፤ ከአሜሪካ ጥንታውያን የጥቁር ሰፈሮች አንዱ ነው። አጠገቡ ኮንጎ አደባባይ አለ። በባርነት የተያዙ ሰዎች እሑድ እሑድ እየተሰበሰቡ ከበሮ የሚመቱበት፣ የሚጨፍሩበት፣ የሚሸጡ የሚለውጡበት ቦታ ነበር፤ በ1817 የወጣ ደንብ ስብሰባቸው በአንድ በተወሰነ ቦታ ብቻ እንዲሆን አደረገ። በሌላው የአሜሪካ ክፍል ከበሮ አመፅ ይጠራል ተብሎ ሲከለከል እዚህ በሳምንት አንድ ቀን ተፈቀደ። ስለ ጃዝ አጀማመር የሚጽፉ ሁሉ ከዚህ አደባባይ የሚነሡት ለዚህ ነው። እኔ ይህን እየተረክሁ ሳለ አክስቴ አይሰሙኝም ነበር። ጥሩምባ ሰምተዋል።

«የማን ልቅሶ ነው?»

«አናውቃቸውም እትዬ።»

«ታዲያ ባናውቃቸው ሬሳ ሲያልፍ ቆመን እናያለን? ጥቂት እርምጃ አይሸኝም?»

በልጅነታችን የተማርነው ነው፤ መከራከሪያ የለውም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ገቡ፤ ተከተልኩ። ከፊት ባርኔጣ የደፋ፣ ደረቱን በሪባን ያገደመ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሽማግሌ በዝግታ ይራመዳል። ከኋላው ባንዱ የቀብር መዝሙር ይጎትታል። አክስቴ የትልቁን ነሐስ፣ የሱዛፎኑን ነፊ አይተው «ይሄ ይዞት ነው የሚሄደው ወይስ ገብቶበት?» አሉኝ፤ ከዚያ አለቀሱ። በእውነት አለቀሱ። ከሟች ወገን አንዲት ሴት መጥታ አቀፈቻቸው፤ ማን እንደሆኑ አልጠየቀችም።

ቀብሩ ጋ ሲደረስ አስከሬኑ ተሰናበተ፤ ባንዱ ድንገት ዜማውን ለውጦ ምድሩን አነቃነቀው። ዣንጥላ ተዘረጋ፣ መሐረብ ተውለበለበ። ቤተሰቡና ባንዱ የመጀመሪያው መስመር ናቸው፤ ከኋላ ደስ ብሎት የሚቀላቀለው የመንገድ ሰው ሁሉ ሁለተኛው መስመር ይባላል። እኛም ሳናውቀው ሁለተኛ መስመር ነበርን። አክስቴ እንባቸውን የጠረጉበትን መሐረብ ይዘው ቆመዋል፤ ዙሪያቸውን ያለው ሁሉ መሐረቡን እያውለበለበ ይጨፍራል። «አበዱ?» ሲሉኝ እኔም ትከሻዬ ከእኔ ፈቃድ ውጪ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። «ያበደስ አንተ ነህ» አሉ። ቀጥሎ የእሳቸው እጅ ማጨብጨብ ጀመረ። በልጅነታቸው የክቡር ዘበኛን ኦርኬስትራ የሰሙ ሰው ናቸውና ነሐስ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ ሌላ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው የነሐስ ባንድ ሲያቋቁሙ፣ መሣሪያው በቤተ መንግሥት በር ነው የገባልን፤ ለንጉሥ ተነፋ። እዚህ ለጎረቤት ሬሳ ይነፋል። የትኛው እንደሚሻል እኔ አልጠራጠርም።

አክስቴ ወጪውን ማን እንደሚችል ካላወቁ ግን እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ሪባን ያደረጉትን ሽማግሌ አስቁመው ምርመራ ጀመሩ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከባርነት ነፃ ከወጡ በኋላ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጥቁሮችን አንቀበልም ሲሉ፣ ሰዎቹ የራሳቸውን ማኅበር እያቋቋሙ በየወሩ ያዋጡ ነበር። አባል ሲታመም ሐኪምና መድኃኒት፣ ሲሞት ቀብር ከነባንዱ። ዛሬ የማኅበራዊ እርዳታና የደስታ ክለቦች ይባላሉ፤ ዙሉ የሚባለው ስመ ጥር ክለብ ከ1909 ጀምሮ ማርዲ ግራ ላይ ይሰለፋል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«እድር ነዋ! ጥሩምባ ነፊውም የእድሩ ነው። አላልኩህም?»

ከዚያ ጥያቄው ዘነበ። መዋጮው ስንት ነው? ሳጥኑ በማን እጅ ነው? ቁልፉስ? ያጓደለ ይቀጣል ወይ? ለመጨረሻው ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው በረጅሙ ተነፈሱ፤ አክስቴም ክንዳቸውን ጨበጥ አደረጓቸው። ያንን ማስተርጎም አላስፈለገኝም።

መቃብሩን ያሳዩን ሽማግሌው ናቸው። መሬቱ ውኃው ቅርብ ነው፤ የፈረንሳይና የስፔን ልማድም ተጨምሮበት ሰው የሚቀበረው ከመሬት በላይ በተሠራ የጡብ ቤት ውስጥ ነው። በአንድ መቃብር የቤተሰቡ ሁሉ ተራ አለው፤ ግን አንዱ ከገባ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን አይከፈትም። «ሙት ዓመቱ ሳይወጣማ እንዴት ይነካል» አሉ አክስቴ። የከተማዋ 80 በመቶ ገደማ በ2005 በካትሪና ጎርፍ ሲሰጥም ሕዝቡ በየስቴቱ ተበተነ፤ ሽማግሌው ከተበተኑት ብዙዎቹ ለልቅሶ ሲሉ ይመለሳሉ አሉን። ለአክስቴ ይህም ማብራሪያ የሚሻ ነገር አልነበረም።

ዋሽንግተን በተመለስን በመጀመሪያው የእድር ስብሰባ እጃቸውን አወጡ። ለአባላት ቀብር የነሐስ ባንድ ይቀጠር። ሊቀመንበሩ በአጀንዳ ይያዝ አሉ። አንድ አዛውንት መሄጃው ላይ ያለው የኀዘን ዜማ ደህና ነው፣ መመለሻው ላይ ያለው ጭፈራ ግን ካህናቱን ያስቆጣል ብለው ተቃወሙ። አክስቴ «እንግዲያው መሄጃውን ብቻ እናስነፋ፤ ዋጋውም በግማሽ ይሆናል» አሉ። ነፊዎቹ ልቅሶ ቤት ይበላሉ ወይ፣ ከበሉስ የጾም ነው የፍስክ የሚለው ክርክር አንድ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ገንዘብ ያዡ በደንቡ መሠረት ሦስት ፕሮፎርማ ካልቀረበ አንድ ሳንቲም አይወጣም ብለው ነገሩን ሊዘጉት ሲሉ፣ አክስቴ ቦርሳቸውን ከፈቱ። መቼ እንደተቀበሉት ያላየሁትን፣ ሱዛፎን የታተመበት ካርድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«የአንዱ ይኸው። ሁለት ይቀራል።»