በሙሉ ድምፅ

ሰው የሚናገረው እንዲሰማለት ነው ይባላል። ሁሉም ነገር እንዲሰማበት የሚፈልግ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን ያረጋገጠልኝ ዳት የሚባለው በዲጂታል የሚቀዳ የኪስ ቴፕ ነው። «የኪስ» የምለው ፋብሪካው ስላለ ነው እንጂ የኔ ካፖርት በዚህ አይስማማም።

የላከልኝ ዋሽንግተን የሚኖረው የእህቴ ባል ነው። ወሬው ሰፈር የደረሰው ከዕቃው ቀድሞ ስለነበር፣ ካርቶኑን ሳልከፍት ጎረቤት የየራሱን ካሴት ይዞ መጣ። አልገባም። የዳት ካሴት 73 በ54 ሚሊሜትር ብቻ ናት። «እሺ የራሱን አሰማና» አሉ። ድምፅ ማጉያ የለውም። «በል እኛን ቅዳን» አሉ። ማይክሮፎንም አልተሠራለትም። ጆሮውም አፉም ለየብቻ ይገዛለታል። አንድ አዛውንት አገላብጠው ካዩት በኋላ «ታዲያ የላከልህ ምኑን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ለነገሩ ውስጡ ሲታይ ቴፕ ሳይሆን ቪዲዮ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1987 ዳትን ገበያ ላይ ሲያወጣ ብልሃቱን ከቪዲዮ መቅረጫ ወስዶታል። በለመድነው ካሴት ድምፁን የሚያነበው ሄድ ቆሞ ክሩ በሴኮንድ 47.6 ሚሊሜትር ይሮጥለታል። በዳት ግን ክሩ በሴኮንድ 8.15 ሚሊሜትር እየተንፏቀቀ፣ ሄዶቹን የተሸከመው ከበሮ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይሽከረከራል። ድምፁን በሴኮንድ እስከ 48,000 ጊዜ እየለካ በቁጥር ይጽፈዋል። ቁጥር ደግሞ አይሻክርም፤ ስለዚህ ያ የካሴት «ሽሽሽ» የለም። የዚያ ሽሽታ ውለታ የገባኝ ከጠፋ በኋላ ነው። ስንቱን ሳል፣ ስንቱን የጎረቤት ውሻ፣ ስንቱን የዘፋኝ ትንፋሽ ሸፍኖልን ኖሯል! እርሳስ ሰክቶ ማጠንጠንም ቀረ፤ የዳት ካሴት በሯን ዘግታ ነው የምትኖረው፣ ማሽኑ ካልሆነ ማንም አይከፍታትም።

ባትሪ ድንጋይ ላይ ደግሞ ሆዳም ነው። እኛ ሰፈር ያለቀ ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነፍስ ይዘራል፤ ራዲዮኔ ይህን ንቆ አያውቅም። ዳቱ ግን ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ሲጎርስ ከበሮውን አንዴ ዞር አድርጎ ይተኛል። በከተራ ሌሊት ጃን ሜዳ ይዤው ወጣሁ። ብርድ ሲጠጣ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ሰው ወደሞላበት ድንኳን ይዤው ብገባ በቀዘቀዘው ከበሮ ላይ ጤዛ ያዘና የእርጥበት ምልክት አብርቶ ሥራ አቆመ። ክሩ እርጥብ ከበሮ ላይ እንዳይጣበቅ ነው፤ ምክንያቱ ልክ ነው። ካህናቱ ግን የኔ ከበሮ እስኪደርቅ አልጠበቁም። የእነሱ ከበሮ ጤዛ አይፈራም።

ከሁሉ በፊት የተቀየሙት አክስቴ ናቸው። የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝና ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ግንባራቸውን ቋጥረው አዳመጡ።

«ይቺ አሮጊት ማናት?»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«እኔ እንዲህ አላፏጭም።»

ያፏጫሉ። «ሰ» ባሉ ቁጥር ያች የተተከለችው ጥርሳቸው ታፏጫለች፤ እኛ ስለለመድነው አንሰማውም። ዳቱ አዲስ ሰው በመሆኑ ሰምቷል። ማዳመጫውን አውልቀው፣ «የድሮውን ቴፕ አምጣ፤ ያኛው ሰው ያከብራል» አሉኝ። በካሴት ደግሜ ቀዳኋቸው፤ ሽሽታው ፉጨቱን ዋጠው፣ ታረቅን።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የፈሩት የሙዚቃ ኩባንያዎች ነበሩ። ከሲዲ እንከን የሌለው ግልባጭ ይወጣል ብለው ለዓመታት ሲሟገቱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1992 ሕግ ወጣ፤ ማሽኑ ውስጥ ዘበኛ ይቀመጥ ተባለ። በዘበኛው ደንብ ሲዲ ልጅ ይወልዳል፣ የልጅ ልጅ ግን አያይም፦ ከሲዲ በዲጂታል መስመር የተቀዳውን፣ ዳግመኛ በዲጂታል መስመር መቅዳት አይቻልም። በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ አንድ ካሴት ቅድመ አያት ሆኖ ከነዘር ማንዘሩ ይሸጥ ነበር፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ኩባንያዎቹ ያለቦታው ደከሙ። ዳት የገዛው ስቱዲዮው፣ የራዲዮ ጋዜጠኛውና ኮንሰርት ላይ ማይክሮፎኑን በዘንግ አቁሞ የሚያመሽ የግሬትፉል ዴድ ባንድ ወዳጅ ነበር። ያ ባንድ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ለቀጂዎች ቦታ ለይቶላቸው ስለነበር፣ ተሰረቅሁ የሚል አልነበረም።

የኔ ጣጣ ከእድር ነው የመጣው።

እድራችን ውስጥ ዋናው ጠብ «እንዲህ ብለሃል፤ አላልኩም» ነው። ቃለ ጉባኤው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።» ወንበር የተወረወረበት ስብሰባም በሙሉ ድምፅ ነው የሚያልቀው። አንድ ወጣት አባል ተነሥቶ «ለምን በዲጂታል አይቀዳም?» ሲል ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ዳኛው «ግልጽነት ለእድራችን!» ብለው አጨበጨቡ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ማይክሮፎኑን ዳኛው ፊት ጠረጴዛ ላይ ተከልኩት። አጀንዳው የድንኳን ግዢ ነበር። ወሩ ዞሮ ሲመጣ «ትልቁ ድንኳን ይገዛ ያለው ማነው?» የሚል ክርክር ተነሣና ካሴቱ ይሰማ ተባለ። ለክርስትና የሚከራይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተፈልጎ ተገናኘለት።

ድንኳኑ ጋ ከመድረሳችን በፊት ገንዘብ ያዡ ወደ ዳኛው ጠጋ ብለው «ይኼ ሰውዬ መዋጮ ሳይከፍል አፉ ሰፋ» ሲሉ ተሰማ። ሰውዬው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ዳኛው ደግሞ በዚያ የተረጋጋ ድምፃቸው፦ «ተወው፤ ሲሞት እናየዋለን።»

ለማጥፋት እጄን ስዘረጋ ሰውዬው «ይቀጥል!» አለ። ቀጠለ። ከጎን አግዳሚ ወንበር ሁለት እናቶች የዳኛው ኮት የሟች አማታቸው እንደነበር፣ እጅጌው የት እንዳጠረና ማን እንዳሳጠረው ሲተነትኑ ወጣ። ከዚያ «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» የሚለው ተሰማና፣ ወዲያው የአንድ የተከበሩ ሽማግሌ ማንኮራፋት፣ ከእስትንፋስ መውጫው እስከ መግቢያው ሳይጎድል ተከተለ። የእሳቸውም ድምፅ ተቆጥሮ ነበር።

ትልቁን ድንኳን ማን እንዳለ ዛሬም አይታወቅም፤ እዚያ ድረስ ያዳመጠ የለም። በዕለቱ ስብሰባ ላይ ቴፕ ይዞ መግባት ተከለከለ። ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብሎ ጻፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነበር።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ የዳት ማሽን ማቅረቡን አቆመ። የኔው ከዚያ በኋላም ሲያገለግለኝ ቆይቶ ክር መብላት ጀመረ። ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ከፍቶ ከበሮውን አየና «ይኼ'ኮ ቪዲዮ ነው» አለኝ። «ቴፕ ነው» ስለው «ምስሉ ጠፍቶበት ነው» ብሎ የመክፈቻ ሂሳብ ተቀበለኝ።

ወሬው ተሰማ። በማግስቱ ዳኛው፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ብርቱካን ይዘው ቤቴ መጡ። ከበሬታቸውን ሳያጓድሉ ጠረጴዛው ላይ የተዘረረውን ዳት ትንሽ ተመለከቱት።

«እግዜር ያጥናህ ልጄ። ተስፋ የለውም አሉ?»

«የለውም ጋሼ።»

«ካሴቱስ?»

«ካሴቱ ደኅና ነው።»

አንድ ብርቱካን አንስተው መላጥ ጀመሩ። «ሌላ ማጫወቻ ላይ ይሰማ ይሆን?»

«ዳት ያለው ሰው ከተገኘ ይሰማል። እዚህ አገር ይኑር አይኑር ግን አላውቅም።»

«የለም» አሉ ዳኛው፤ «ጠይቄአለሁ።»