ለክቡር ዋና ዳይሬክተር፦ አንድ ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ መሥሪያ ቤትዎ መረጃ በማዳረስ ረገድ ለሚያሳየው ትጋት ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ በቴሌግራም ቻናሉ የማይለጥፈው የለም፤ የተተከለው ችግኝ፣ የግማሽ ዓመቱ ግምገማ፣ ለልምድ ልውውጥ የመጣው ቡድን ሁሉ ከነፎቶው ይደርሰናል። ስለዚህ «ተቋሙ አይናገርም» የሚሉትን አልቀበላቸውም። ይናገራል እንጂ! የሚናገረው ግን ወደ ላይ፣ የበላይ አካል እንዲያየው ነው። ወደ መስኮቱ ሲወርድ ቃል ብቻ ይሆናል፤ ቃሉንም ነገ «ማን አለህ?» ሲባል ባለቤት አይገኝለትም። በእኔ ግምት የመሥሪያ ቤትዎ ችግር የመግባባት ችሎታ ማነስ አይደለም። እምቢታን በወረቀት ላለማስፈር የተደረሰ፣ ራሱም ያልተጻፈ ስምምነት ነው።

ለማስረጃ አንድ ባለጉዳይ ልጥቀስ። ማንነቱ ለክርክሩ አያስፈልግም፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ፈቃዱን ሊያሳድስ የመጣ ሰው ነው እንበል። በቻናልዎ የወጣውን የመስፈርት ዝርዝር አንብቦ፣ የተጠየቀውን ሁሉ አሟልቶ መጣ። በር ላይ ጥበቃው ቀበቶውን አስፈትቶ ስልኩን ተቀበለና ቁጥር የተጻፈባት ካርቶን ሰጠው፤ ደንብ ነው፣ አልቃወምም። መስኮቱ ላይ ባለሙያዋ የሸኚ ደብዳቤ ጎድሎሃል አለችው። ዝርዝሩ ላይ የለም ቢላት «የት አየኸው? አሳየኝ» አለች። ዝርዝሩ ያለው ስልኬ ውስጥ፣ ስልኩ ውስጥ ማለቴ ነው፤ ስልኩ ደግሞ በእናንተው ትእዛዝ በር ላይ ቀርቷል። በዚህ መሀል ቡድን መሪው ከቢሯቸው ወጡ። ግድግዳው ላይ ፀሐይ ያደበዘዘውን ሌላ ዝርዝር በእስክሪብቶ እየጠቆሙ፣ ወረፋው በሙሉ በሚሰማበት ድምፅ «አንተ ሰውዬ፣ ማንበብ አትችልም እንዴ?» አሉ። ሰው ሳቀ። ባለጉዳዩ ግን ማንበብ ይችል ስለነበር ቀረብ ብሎ አነበበ፤ እዚያም የሸኚ ደብዳቤ የሚል አልነበረም። ይህንኑ ቢናገር «ሌላውን አታስጠብቅ!» ተባለ። የጎደለውን በብጣሽ ወረቀትም ቢሆን ጻፉልኝ ብሎ ለመነ። «እኛ እንዲህ ያለ ነገር አንጽፍም» አሉት። ክቡር ሆይ፣ ይህን የአገልግሎት አሰጣጥ ክፍተት ብለው በሪፖርት እንዳያለሰልሱት፤ ብልግና ነው። ሽበት ያለውን ሰው በወረፋ ፊት ማሳቂያ ማድረግ በየትኛውም የአሠራር መመሪያ የለም። ይቅርታ፣ ወደ ትሕትናዬ ልመለስ።

«አንጽፍም» የሚለው መልስ ከስድቡ ይበልጥ ያሳስበኛል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ውሳኔው ያልተዋጠለት ሰውም ቅሬታውን ለተቋሙ፣ ከዚያም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ በር ይከፍታል። በቃል የተመለሰ ሰው ግን ምን ይዞ ይሂድ? የዕንባ ጠባቂ ተቋም ቢሄድ፣ ፍርድ ቤት ቢሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሳኔውን ነው። ውሳኔው ደግሞ መስኮቱ ላይ ተተንፍሶ ቀርቷል። በዓመቱ ሪፖርትዎ ላይም ይህ ሰው የለም፤ ያልተጻፈ እምቢታ አይቆጠርም።

ሠራተኞቻችን በአነስተኛ ደመወዝ ብዙ ሕዝብ ያስተናግዳሉ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ በዚህ የኑሮ ውድነት ማን ይክደዋል? ነገር ግን የጎደለውን በአንድ መስመር መጻፍ ያንኑ ሰው ደጋግሞ ከማስተናገድ ሥራ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሐሰተኛ ማስረጃ በዝቷል የሚለውም ቀላል ክርክር አይደለም። በዝቶ ከሆነ የተጠረጠረው ሰነድ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ፤ ጥርጣሬ በቃል ሲቀር ሐቀኛውም አጭበርባሪውም እኩል ይመለሳሉ፤ ሁለተኛው ደግሞ በጓሮ በኩል መግባት ያውቅበታል። ሥርዓቱ እየዘመነ ነው ለሚለው ቢፒአርን፣ ውጤት ተኮርን፣ ካይዘንን፣ አሁን ደግሞ የመሶብ አንድ ማዕከልን አይተናል። ሁሉም የወረፋውን ቅርፅ ይነካሉ፤ ፊርማውን የሚፈራውን እጅ ግን አይነኩም።

እጁ የሚፈራውም ያለ ምክንያት አይደለም። ባለሙያዋ «ይህ ስለጎደለ አልተቀበልኩም» ብላ ብትፈርም፣ ነገ ስህተት ከተገኘ ግምገማ ላይ የምትቆመው እሷ ናት፤ አለቃዋ «እኔ አላዘዝኩም» ይላሉ። ሳትጽፍ ብትመልሰው ማንም አይጠይቃትም። ዝምታን የሚሸልም መሪ ባለበት ቤት እሷ ብትጽፍ ነበር የሚገርመኝ። ይህን ልማድ በሥነ ምግባር ሥልጠና አይነቅሉትም፤ አበልም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የእርስዎ አንድ ትእዛዝ ነው፦ ከማንኛውም መስኮት የሚመለስ ባለጉዳይ ምክንያቱን፣ ቀኑንና የመለሰውን ሰው ስም የያዘ ወረቀት ሳይሰጠው አይውጣ፤ በዚያ ምክንያት የፈረመ ሠራተኛም ቢሳሳት መጀመሪያ የሚጠየቀው አለቃው ይሁን።

ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባለሁ። ቅጂዬ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም እንዲደረግልኝ፣ ጥያቄዬን የማይቀበሉትም ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።