ከሰርቨሩ ጋር የተኳረፈ ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ላይ የተጫነ የኢሜይል ፕሮግራም፣ ተንደርበርድም ይሁን አውትሉክ፣ ከሰርቨሩ ጋር ሲኳረፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም»። ገመድ ቢነቀልም ይህን ይላል፤ ቁጥር ቢሳሳትም ይህንኑ ይላል። በመሥሪያ ቤት መስኮት «ሲስተም የለም» ተብሎ እንደሚሸኝ ባለጉዳይ፣ ተጠቃሚውም የጎደለው ምን እንደሆነ ሳይነገረው ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ይታወቃል፤ የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ይጽፋል፣ በየጊዜውም ቁልፎቹን ጠንከር አድርጎ ይመታል። የይለፍ ቃል የሚጠየቀው ግን ሰርቨሩ ጋ ከተደረሰ በኋላ ነው። መንገድ ላይ የቀረ እንግዳ መታወቂያውን ቢያወጣ ማን ያይለታል?

ምርመራው በብሮውዘር ይጀመራል። ምንም ድረ ገጽ ካልተከፈተ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የኢንተርኔት ነው፤ ፓኬጁ አልቋል፣ ወይም ራውተሩ ተነቅሎ በሶኬቱ የሻይ ማፍያ ተሰክቷል። ኢሜይሉ በብሮውዘር ከተከፈተ ደግሞ ሰርቨሩ በሕይወት አለ፤ ጥፋቱ መጀመሪያ የሚፈለገው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው።

እዚያ ቀድሞ የሚታየው የሰርቨሩ ስም ነው። በነጥብ ፋንታ የገባ ኮማ፣ ኮፒ ሲደረግ ከኋላ የተከተለ ባዶ ቦታ መንገድ ያስታል። ቀጥሎ ፖርቱ፣ ማለትም የሚገባበት በር ቁጥር፣ ይታያል። ማርክ ክሪስፒን በ1986 (እ.ኤ.አ.) በስታንፎርድ የነደፈው ኢማፕ፣ ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ ትቶ የሚያስነብበው ማለት ነው፣ ሁለት በር አለው፤ 143 እና የተመሰጠረው 993። ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተር የሚያወርደው ፖፕ ደግሞ 110 እና 995 አለው። 993 ተሞልቶ «ምስጠራ የለም» የሚለው ከተመረጠ ጠብ ሳይኖር ዝምታ ይሆናል። ሰርቨሩ ኮምፒውተሩ ምስጠራውን እስኪጀምር ይጠብቃል፤ ኮምፒውተሩም ሰርቨሩ ሰላምታ እስኪሰጠው ይጠብቃል። በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ» እንደሚባባሉ ሁለት ጨዋ ሰዎች፣ ጊዜው እስኪያልፍ ማንም አይገባም።

ስሙም ፖርቱም ልክ ሆኖ እምቢ ካለ፣ ዓይን ወደ ሰዓቱ ይሄዳል። ይህ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው፤ አገራችን ላይ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ይገባው ነበር። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን የምትቆጥረው አንዲት ሳንቲም መሳይ ባትሪ ናት፤ ስሟ ሲአር 2032 ነው፣ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። እሷ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ሠራተኛው ይህን ሲያይ ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር አንብቦ 2018 ብሎ ያስተካክላል። ካላንደሩ አልዋሸም፤ ሠራተኛውም አልተሳሳተም። ኮምፒውተሩ ግን የተረዳው የፈረንጆቹን 2018 ነው። ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያስመሰክርበት ሰርተፊኬት፣ በሕዝብ በሚታመኑ ሰጪዎች የተሰጠ ከሆነ፣ ዕድሜው አጭር ነው፤ ለዓመታት አይዘልቅም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚያየው ገና ከሰባት ዓመት በኋላ የሚሰጥ መታወቂያ ይሆንበታል፤ እንደ ጠንቃቃ ዘበኛም አላሳልፍም ይላል።

ሰዓቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ብሎ 3:00 የሞላ ሰው፣ ለኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብሎ ነግሮታል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ግንኙነቱን እምብዛም አይከለክልም፤ የሚላከው ደብዳቤ ግን በውድቅት ሌሊት የተጻፈ ይመስላል፣ አለቃም በትጋቱ ሊደነቅ ይችላል። መፍትሔው ቀኑንና ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ማዘዝና ባትሪዋን መቀየር ነው። የሰዓት ክልሉን ሲመርጥ አዲስ አበባን ያጣ የዊንዶውስ ተጠቃሚ አይደንግጥ፤ «ናይሮቢ» የሚለው የእኛም ነው።

የይለፍ ቃል ተራው የሚደርሰው አሁን ነው። ካፕስ ሎክ ሳይታሰብ በርቶ ሊቀር ይችላል፤ የይለፍ ቃል ሳጥን ደግሞ ነጠብጣብ እንጂ ፊደል አያሳይም። ቃሉን ኖትፓድ ላይ ጽፎ ማየት፣ ከዚያ ማጥፋት ይበጃል። ትክክለኛውም ቃል ቢሆን ላይሠራ ይችላል። ጎግል ከግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለግል አካውንቶች፣ የተለመደውን የይለፍ ቃል ብቻ ይዘው የሚመጡ ፕሮግራሞችን መቀበል አቁሟል። ወይ በብሮውዘር መስኮት ፈቃድ ይሰጣል፣ ወይም ሁለተኛው የማረጋገጫ ደረጃ ተከፍቶ ለፕሮግራሙ ብቻ የሚሆን ባለ 16 ፊደል ቃል ይወጣል።

ደብዳቤ እየገባ መውጣት ብቻ ካቃተ ነገሩ ሌላ ነው፤ መላኪያው ኤስኤምቲፒ የሚባል፣ የራሱ ስምና ፖርት ያለው ሰርቨር ነው። በ1982 (እ.ኤ.አ.) ሲጻፍ ላኪውን «ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። በዚህ ደግነቱ ማስታወቂያ የሚረጩ ሰዎች ስለተጫወቱበት፣ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ፖርት 25ን ለደንበኛ ይዘጋሉ። 587 ወይም 465 ተሞልቶ፣ «መላኪያውም የይለፍ ቃል ይፈልጋል» የሚለው ላይ ምልክት ሲደረግ፣ ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወጣል። ተቀባዩም ያንኑ ደብዳቤ አራት ጊዜ ያገኘዋል፤ ላኪው ግን ደውሎ «ደረሰህ ወይ?» ማለቱ አይቀርም።